የአሮጌ ቮልስ ፍሬን ዝገት፦ አቼቶ ውስጥ ምን ይነከራል?

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1965 ቮልስ ቢትል ናት። አራቱም ጎማ ላይ ያለው ፍሬን የታምቡር ነው (ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ፍሬኑ ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ክብ ብረት ነው)፤ ዲስክ የሚባል ነገር የላትም። ለጥቂት ዓመታት ጋራዥ ውስጥ ቆማ ከርማለች። ሰሞኑን በክሪክ አንስቼ ፍሬኗን መፈታታት ጀመርኩ። የኋላ ሁለቱንና የፊት ቀኙን ታምቡር አወጣሁ። የፊት ግራው ግን ዳዶው ሞቼ እገኛለሁ አለ። እሱን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። ታምቡሮቹ ከውጭ ቡናማ ሆነዋል። የዚህች መኪና ቸርኬ መሀሉ ሰፊ ክፍት ስለሆነ ታምቡሩ ከውጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ መልኩም ያሳስበኛል። ከውስጥ፣ ሸራው (ታምቡሩን ተጭኖ የሚይዘው የፍሬን ንጣፍ) የሚፋተግበት ፊት ላይ፣ በጣት ሲነካ የሚለቅ ስስ ቀይ ዝገት አለ። ሞላዎቹ ነጠብጣብ ጀምሯቸዋል። ሸራዎቹ ገና ወፍራም ናቸው። ሸራውን በዘይት ግፊት የሚገፉት የትንንሾቹ ሲሊንደሮች ጎማ ሽፋን ግን ትንሽ ረጥቧል። አቧራው ብዙ ስለነበር በኮምፕረሰር ነፍቼ አጸዳሁት።

ያሰብኩት ከሸራው በስተቀር ሁሉንም ባልዲ ሙሉ አቼቶ ውስጥ ማሳደር፣ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ ከዚያ ጥቁር ቀለም መንፋት ነው። እንዲያውም ሞላዎቹን ዛሬ ጠዋት ነክሬያለሁ። ጥያቄዬ፦ አቼቶ ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ? የታምቡሩን የውስጥ ፊትስ ምን ላድርገው?

(ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ዘግይቼ ነው። ክሩ (ይህ የጥያቄና መልስ ውይይት) በጣም ስለረዘመና መሀል ላይ ስለተጣላን፣ በኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲቀለው የተባለውን በራሴ ቃል በተራ አስቀምጬዋለሁ።)

ምላሽ 1። በጣም ጨዋ ሰው ነበር። መጀመሪያ ስለ መኪናዋ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ገባ። ለታምቡሩ አቼቶ ይሠራል ባይ ነው። የቤት አቼቶ አሲዱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ለስስ ዝገት አንድ ቀን ይበቃል። የማይረሳው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ በውኃ አጥቦ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አሲዱን ገድሎ፣ ወዲያው በሙቅ አየር ማድረቅ። እርጥብ ተትቶ ምሳ ከተበላ፣ ተመልሶ ሲመጡ ብረቱ እንደገና ቀልቷል። ይሄ በእሱ ደርሶበታል፤ ሁለት ጊዜ።

ምላሽ 2። አጭርና ግዴለሽ። ውስጡን ተወው፣ ሸራው ራሱ ይጠርገዋል አለ። ዲስክ ያለው መኪና ታጥቦ ሲያድር ጠዋት ዲስኩ ቀይ ሆኖ እንደሚገኝና ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ እንደሚጠፋ አስታወሰኝ። የታምቡሩም ብረት ያው ካስት አይረን ነው፤ እርጥበት ካየ ባንድ ሌሊት ይቀላል። ልዩነቱ ዲስኩ ላይ ስለሚታይ እንሳቀቃለን፣ ታምቡሩ ውስጥ ስለማይታይ እንተኛለን። ይህች አባባሉ ደስ አለችኝ።

ምላሽ 3። እዚህ ላይ ነው የተመታሁት። ይህ ሰው ስለ ዝገቱ አንድ ቃል አልጻፈም። ኮምፕረሰር የምትለዋን ቃል ይዞ፣ በቃለ አጋኖ ላይ ቃለ አጋኖ ደርድሮ መጣብኝ። በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና ሸራው አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አቧራው ሲነፋ ዓይን የማያየው ክር አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሳንባ ከገባ አይወጣም። ደንቡ የታወቀ ነው፦ አይነፋም፣ ደረቁን አይፈገፈግም፣ አይጠረግም። በሳሙና ውኃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁን እንደረጠበ ፕላስቲክ ውስጥ አስሮ መጣል፣ ለአፍና ለአፍንጫም ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ማድረግ። የአቧራ ተብሎ የሚሸጠው ስስ ማስክ አይበቃም።

ምላሽ 4። የኔ ነው። ይቅርታ ጠይቄ፣ ጋራዡ በር እንደተከፈተ መሆኑንና ከእንግዲህ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ እንደማጸዳ ጻፍኩ።

ምላሽ 5 እና 6። 5ኛው ለ30 ዓመት ይህን አቧራ ሲነፋ ኖሮ ሳል እንኳ እንደሌለበት ነገረን። 6ኛው (ያው 3ኛው ሰውዬ ነው፣ ሲመለስ ደግሞ ብሶበት ነበር) የሞቱት እዚህ ገብተው አይጽፉም ብሎ መለሰለት። በሽታው ከተጋለጡ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ብቅ የሚል መሆኑን፣ የአውሮፓ ኅብረት አስቤስቶስን እ.ኤ.አ. በ2005 ሙሉ በሙሉ የከለከለውም በከንቱ እንዳልሆነ አስከተለ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን እዚህ አልደግመውም። ጭብጡ ላይ ግን 6ኛው ትክክል ነው።

ምላሽ 7። የክሩ ዋና ይህ ይመስለኛል። ዕድሜውን በብረት ሥራ ያሳለፈ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ጥያቄህ ተገልብጧል ብሎ ጀመረ። ዝገት በምን ይለቃል ከማለት በፊት፣ ዝገቱ ያለበት ብረት ምን ሥራ አለው ብለህ ጠይቅ አለኝ። ከዚያ ክፍል በክፍል ሄደበት።

የታምቡሩ ውጭ ሥራው መቆምና ሙቀት መበተን ብቻ ነው። እዚያ የፈለግከውን አድርግ፤ ብሩሽ፣ አቼቶ፣ ቀለም። ቀለሙ ግን ስስ ይሁን፣ ሙቀትም የሚችል ይሁን። ቸርኬው የሚገጥምበት ፊት አይቀባ። ወፍራም ቀለም እዚያ ከገባ ሲሞቅ ይላላል፤ ቀለሙ ሲላላ ብሎኑ አብሮ ይላላል።

የታምቡሩ ውስጥ ሥራው መፋተግ ነው። እዚያ ላይ ባዶ ብረት እንጂ ሌላ ምንም አይፈለግም። ዝገትን ወደ ጥቁር ሽፋን የሚለውጡት ፎስፎሪክ አሲድ ያለባቸው ፈሳሾች ለሌላ ቦታ ጥሩ ናቸው፤ እዚህ ግን ሽፋን ትተው ስለሚሄዱ አይነኩም። ዘይትም እንደዚያው። ስስ ዝገት ከሆነ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በእጅ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አግድም እያቋረጡ፣ ከዚያ በፍሬን ማጽጃ ጠርጎ መጨረስ። ዝገቱ ጉድጓድ ከቆፈረ ወይም ጥፍር የሚያቆም ጠርዝ ካለ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ቶርኖ ሲገባ ደግሞ ስፋቱ ይለካል፤ በጥገና መጽሐፉ ከተጻፈው ልክ በላይ የሰፋ ታምቡር ምንም ቢያብረቀርቅ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

ሸራዎቹ የተጣበቁበት ብረት ቢዝግ ጠርዝ ጠርዙን በእጅ ብቻ። ዝገቱ በሸራውና በብረቱ መሀል ገብቶ ሸራውን ማንሳት ከጀመረ ግን ጨዋታው አልቋል። ዝገት ከተሠራበት ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ያላቅቀዋል።

ቀጥሎ ሞላዎቹ ጋ ደረሰ። እኔም ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። ሞላ በአሲድ አይነከርም አለ። አሲድ ብረት ሲበላ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ሃይድሮጅኑ እንደ ሞላ ባለ ጠንካራ ብረት ውስጥ ይገባና ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ከላይ ሲያዩት ንጹህ፣ አዲስ የሚመስል ሞላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ፔዳሉን ሳትነካ እንኳ፣ ቀጭ ይላል። ታምቡር ውስጥ የተሰበረ ሞላ ሸራና ታምቡር መሀል ከገባ ጎማውን አንቆ ሊይዘው ይችላል።

ይህን አንብቤ ጋራዥ ሮጥኩ። ሞላዎቹ ባልዲው ሥር አረፋ እየተፉ ተቀምጠዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ያበራ ሞላ አይቼ አላውቅም።

ምላሽ 8። ተቃወመ። አቼቶ ደካማ አሲድ ነው፣ ያ ሁሉ ማስፈራሪያ ለጨው አሲድ (ሃይድሮክሎሪክ) ነው የሚሠራው አለ። ብዙ ጊዜ ሞላ ነክሮ አንድም አልተሰበረበትም።

ምላሽ 9። 7ኛው ሳይቆጣ ተመለሰ። አደጋው ከጠንካራው አሲድ ያነሰ መሆኑን አመነ። ግን ስንጥቁ ዓይን ካላየው በምን ታውቃለህ አለ። የሞላን ጤና በአሲድ ሳይሆን በቅርጽ ተመልከተው ሲልም መከረኝ። ሲያርፍ ጥምጥሙ እርስ በርሱ ገጥሞ መቆም ያለበት መሳቢያ ሞላ፣ ክፍተት ካሳየ ተለጥጧል። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጠህ ርዝመቱን እይ አለኝ።

ምላሽ 10። መሬት ላይ ጥሎ የሚደወል ድምፅ ካወጣ ደህና ነው፣ ድብ ካለ ሞቷል የሚል የድሮ መካኒኮች ዘዴ አመጣ። 11ኛው ይህ የሙዚቃ ፈተና እንጂ የሞላ ፈተና አይደለም ብሎ ሳቀበት። 10ኛው ቅር ሳይለው አልቀረም፤ ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ምላሽ 12። በኤሌክትሪክ ዝገት የሚያነሳ ሰው ነው። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ስለ ሌላ ዘዴ ማውራት አይችሉም። የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ውኃ ውስጥ መበጥበጥ፣ የባትሪ ቻርጀሩን ነጋቲቭ ከዛገው ዕቃ፣ ፖዘቲቩን ከማይረባ ቁርጥራጭ ብረት ማሰር፣ ማደር። ዝገቱ ይለቃል፣ ጤነኛው ብረት አይበላም። ለታምቡር የወደድኩት ይህን ነው።

ምላሽ 13። 12ኛው የዘለላትን ሁለት ነገር አስገባ። አንደኛ፣ ፖዘቲቩ ላይ የማይዝግ ብረት አይታሰርም፤ ውስጡ ያለው ክሮም ወጥቶ ውኃውን መርዝ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ አረፋው ሃይድሮጅን ስለሆነ በር ተከፍቶ፣ እሳትና ሲጋራ ርቆ ነው የሚሠራው። ቻርጀሩም ከነቃ በኋላ ቆንጠጫ አይነካም፤ መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀላል። 7ኛው ከዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ በዚህም ዘዴ ሃይድሮጅኑ የሚፈላው ዕቃው ላይ ስለሆነ ሞላ አሁንም አይገባም።

ምላሽ 14። ሞላሰስ። አንድ እጅ ሞላሰስ ለዘጠኝ እጅ ውኃ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት። ዝገቱን ሙልጭ አድርጎ እንደሚያወጣ አልካደም። ግን በሁለተኛው ሳምንት ፈሳሹ ፈልቶ ጋራዡን ዝንብ እንደወረረውና ባለቤቱ ወይ ባልዲው ወይ እኔ እንዳለችው ተረከ። አልሙኒየም ያለበት ዕቃ እንዳይገባ አስጠነቀቀ፤ እሱ አንድ ካርቡሬተር ረስቶ ከትቶ አጥቷል። ካርቡሬተሩ እዚያ ባልዲ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር የጠየቀው የለም።

ምላሽ 15። ሁላችንም ዝገት ዝገት ስንል ይህ ሰው መነሻ ጽሑፌን በትክክል አንብቦ ኖሯል። የረጠበው የሲሊንደር ጎማ ሽፋን የት ሄደ አለ። ሽፋኑን ገልጬ ውስጡ የፍሬን ዘይት ካለ ጎሚኒው (ውስጥ ያለው ዘይት የሚይዘው ጎማ) ያፈስሳል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ መኪና ቆሞ ሲከርም ያ ውኃ ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝገዋል። ከውጭ ያለው ዝገት መልክ ነው፣ ከውስጥ ያለው ግን ፍሬን ነው። ስስ ጥቁረት በጣም በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ሲሊንደሩ ይለወጣል፤ አዲስ ጎሚኒ በጉድጓድ ላይ መልሶ ይቀደዳል።

ማጠቢያው ላይ ደግሞ ጥብቅ ነበር። በቤንዚን፣ በናፍጣ፣ በላምባ ወይም ዝገት በሚያላቅቅ ስፕሬይ የሲሊንደር ውስጥ አይታጠብም። ትንሽ ቅሪት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ንጹህ አልኮል ወይም ራሱ የፍሬን ዘይቱ ይበቃል።

ሌላም አለ። የ1965ቷ ቢትል የፍሬን መስመሯ አንድ ብቻ ነው። አሁን ባሉት መኪኖች አንዱ መስመር ቢያፈስ ሌላው ይይዛል። እሷ ላይ ግን አንድ ጎማ ላይ ያለ ሲሊንደር ከለቀቀ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ያለህ የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ይህን አንብቤ ሽፋኖቹን ገለጥኩ። የኋላ ግራው ውስጥ ዘይት ቋጥሯል።

ምላሽ 16። ባለ ሁለት መስመር። በፍሬን ማጽጃ የታጠበ ዕቃ ሳይደርቅ አይበየድም። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ ከብየዳ ሙቀት ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ምላሽ 17። ስለ እምቢተኛው ዳዶ አንዱ አስረዳኝ። ስቃችሁ እንድታልፉኝ እለምናለሁ። የቢትል የፊት ግራ ጎማ ዳዶ ጥርሱ ግራ ዞር ነው። ማለትም የሚፈታው ሌላው ዳዶ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። እዚያው ጎን የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ በአክሱ መሀል ያልፋል፤ ጫፉ የግራሶ ክዳኑን ቀዳዳ አልፎ በትንሽ መቆለፊያ ሽቦ ተይዟል። መጀመሪያ እሷ ትወጣለች። እኔ ሽቦዋን በደህና አውጥቼ ነበር። ከዚያ ግን ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቼ፣ ቱቦው ላይ ቆሜ፣ በሙሉ ክብደቴ ለሁለት ቀን ሳጠብቀው ነበር የሰነበትኩት።

ምላሽ 18። የራሱን ጉድ ነገረን። እሱ ዳዶውን እስኪከብብ ድረስ አዙሮት በመጋዝ ነው የገላገለው። አመሰገንኩት፤ ብቻዬን አለመሆኔ አጽናናኝ።

ምላሽ 19። ዳዶ ከተነሳ ብሎ ወደ ኋላ ወሰደን። የኋላ ታምቡር ዳዶ 36 ቁጥር ሲሆን ሲታሰር 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል። መቆለፊያ ሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ይጠበቃል እንጂ ወደኋላ አይላላም። ይህ ከዝገት ጋር አይገናኝም፤ ግን እኔ ወደኋላ ልመልሰው አስቤ ነበር።

ምላሽ 20 እስከ 23። ስለ ፍሬን ዘይት ጦርነት። አንዱ ሲሊኮኑን፣ ማለትም ዶት 5ን፣ ውኃ ስለማይጠጣና ቀለም ስለማይበላ ቆሞ ለሚከርም መኪና ይሁን አለ። ሌላው ከዶት 3ና ከዶት 4 ጋር ፈጽሞ እንደማይደባለቅ፣ መስመሩ ሁሉ ካልጸዳ መዘዝ እንደሚያመጣ ተናገረ። ሦስተኛው ፔዳሉ ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል ብሎ ተሳለቀ። አራተኛው ዶት 4 አድርጎ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ምን ያህል ከባድ ሆኖ ነው ብሎ ዘጋው። እኔ ከአራተኛው ጋር ነኝ።

ምላሽ 24። ይህኛው አቆሰለኝ። በኮምፕረሰር አስቤስቶስ የነፋ፣ ሞላ አሲድ ውስጥ የዘፈዘፈ፣ ዳዶ ወደየት እንደሚፈታ የማያውቅ ሰው ፍሬን መንካት የለበትም፤ መንገዱ የሱ ብቻ አይደለም አለ። ክፉ አነጋገር ነው። ሦስቱንም ግን አድርጌያለሁ።

ምላሽ 25። ባልጠበቅኩት ሁኔታ 3ኛው ሰውዬ፣ ያ የቃለ አጋኖው፣ ተከላከለልኝ። ቢያንስ ከመንዳቱ በፊት ጠየቀ አለ። ከዚያ ሥራው ሲያልቅ ፍሬን የሚያውቅ ሌላ ሰው ሳያየው መኪናዋ ከጋራዥ እንዳትወጣ ቃል አስገባኝ።

ምላሽ 26። የኔ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ። አራቱ ታምቡሮች በኤሌክትሪኩ ዘዴ ጸዱ፣ ከውጭ ስስ ጥቁር ተቀቡ፣ ከውስጥ በእጅ ተፈገፈጉ። አንዱ ጠርዝ ስለነበረው ቶርኖ ቤት ሄዶ በልኩ ውስጥ ሆኖ ተመለሰ። ሲሊንደሮቹን አራቱንም ጎማ ላይ ለወጥኩ፤ የኋላ ግራው ከውስጥ እንደ ጨረቃ ፊት ተቦርቡሮ ነበር። ሞላዎቹም አዲስ ናቸው። 9ኛው እንዳለው አሮጌዎቹን ከአዲሶቹ ጎን ሳስቀምጣቸው፣ ሁለቱ በጥምጥማቸው መሀል ወረቀት ያሳልፋሉ። አቼቶ ባይነካቸውም ኖሮ የሚጣሉ ነበሩ። ሸራዎቹን በቀዳዳው በኩል በካቻቢቴ አስተካከልኩ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጎንበስ ብሎ ሁሉን አየልኝ። ከዚያ በዝግታ ነድቼ በዝግታ እየያዝኩ መለስኳት። ቀጥ ብላ ትቆማለች።

በማግስቱ አጠብኳት። ሌሊቱን አድራ ጠዋት ስትነሳ ከኋላ ክርር የሚል ድምፅ አወጣች፤ ሁለተኛው ፍሬን ላይ ጠፋ።

ምላሽ 27። 2ኛው ሰው ነው። አውራ ጣት ብቻ ላከ።

ምላሽ 28። አንድ አዲስ ሰው የጭስ ማውጫ ዝገትም አቼቶ ይለቅለት እንደሆነ ጠየቀ። 7ኛው ሌላ ክር እንዲከፍት ነገረው።